አሥራ ሦስተኛዋን ወር ለጥቁር ውኃ የመለሱት የኢንጂነር እስከዳር ደረሰ የሕይወት ታሪክ

1960 – 2009 ዓ.ም.

ኢንጂነር እስከዳር ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ልዑልሰገድና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ተገኝ፣ በጎጃም፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ማዶ ባለው መንደር ነሐሴ 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያች ዕለት ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አዋላጇ የበሬ ጭራ ይዘው እንደ ተሻገሩ በቤተሰቡ ይነገራል። መሐል ላይ በሬው ደክሞት አዋላጇ ናቸው ጎትተው ያወጡት የሚሉም አሉ። አዋላጇም በሬውም በሕይወት ስለሌሉ ማረጋገጥ አልተቻለም። ኢንጂነር እስከዳር ከወንዝ ጋር የተዋወቁት ገና እትብታቸው ሳይቆረጥ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ በ1967 ዓ.ም. ማንኩሳ በሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲህ፣ ቤታቸው ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከመሻገሪያው አጠገብ አንድ ጎባጣ ድንጋይ መረጡ። የድንጋዩ ጀርባ ከታየ ይሻገራሉ፤ ከተሸፈነ ማንኩሳ አክስታቸው ቤት ያድራሉ። ደንቡን ያወጡት ለራሳቸው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ገበያ ሲወርድ የእስከዳር ድንጋይ ታይቷል ወይ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ታናሽ ወንድማቸው ዳኘው ብቻ በፀሐይ የደረቀውን ድንጋይ ተሸፍኗል እያለ ከመንገድ እየተመለሰ ይተኛ ነበር። እሱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲቀር እሳቸው ወደ ስምንተኛ አለፉ፤ ከዚያም ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ገብተው በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ።

በ1980 ዓ.ም. የውኃ ምሕንድስና ለመማር ወደ አርባ ምንጭ ሄዱ። አባታቸው አቶ ደረሰ፣ ውኃ ለመማር ይህን ያህል ውኃ ተሻግሮ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም ነበር፤ ጥቁር ውኃ ደጃፋችን እያለ ይሉ ነበር። እናታቸው ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ግን ስንቁን ቋጥረው፣ ወንዙ ዳር ድረስ ሸኝተው፣ ልጃቸው ከዐይናቸው እስክትሰወር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ኢንጂነር እስከዳር በ1985 ዓ.ም. ተመርቀው ሲመለሱም ያገኟቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ አልተነሱም ብሎ የሚያወራ ሰው በቤተሰቡ አለ፤ እሱን ተዉት።

በ1986 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ በነበረ አንድ የውኃ ጥናት ፕሮጀክት ተቀጠሩ። የዝናብ መለኪያ ሲተክሉ፣ የወንዝ ከፍታ ሲለኩ፣ ከፈጠም እስከ ጥቁር ውኃ የአካባቢውን ወንዞች ሁሉ በእግራቸው አዳረሱ። በዚሁ ሥራ ቡሬ ሲመላለሱ ከመምህር ክንፈሚካኤል ሙሉነህ ጋር ተዋውቀው በ1987 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ወ/ት ሳምሪንና አቶ ፍጹምንም አፈሩ።

በ1988 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ደረሰው። ከኮምፒውተሩ ጋር የውጭ አገር አማካሪዎች ትተውት የሄዱ ፕሮግራም ነበር። የፕሮግራሙ ሥራ ለማስረዳት ቀላል ነው። በተራራው ላይ የዘነበውን ዝናብ ትነግሩታላችሁ። መሬቱ ምን ያህሉን እንደሚጠጣ፣ ምን ያህሉ በገጹ ላይ ተንደርድሮ ወንዝ እንደሚገባ፣ ወንዙም መቼና እስከ ምን ድረስ እንደሚሞላ አስልቶ ይነግራችኋል። ዝናቡን ሰብስቦ ለአንድ ወንዝ የሚያስረክበውን አገር እነሱ ተፋሰስ ይሉታል።

ፕሮግራሙ ግን እጅግ ያረጀ ነበርና አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች የቀኑን ሥራ ሁሉ አልቀበልም ብሎ ይዘጋል። ኢንጂነር እስከዳር ጠዋት ቁልፉን ተጭነው፣ ቡሬ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ ማሽኑ ገና እያሰበ ይቆያቸው ነበር። የሥራ ባልደረባቸው አቶ አብዱሰመድ ኢስሃቅ፣ ያንን ኮምፒውተር ግማሹን በመጠገን ግማሹን በመለማመጥ ዕድሜውን ያራዘሙለት የቡሬ ሰው፣ አንድ ቀን የዝናቡ ቁጥር የተቀመጠበትን ፍሎፒ ዲስክ አይጥ በልታው ቢያገኙ፣ «እስከዳር፣ አይጧ ፈጠምን ጨርሳ ወደ ዓባይ እየወረደች ነው» አሏቸው። አይጧ በማግስቱ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ተገኘችና ሲነኳት ቢሮውን በጎርፍ እንዳጥለቀለቀችው የሚጨምር ሰው አለ፤ ይህን ግን አቶ አብዱሰመድ ራሳቸው አያውቁትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዲነበብ ያዘዙት ኢንጂነር እስከዳር ራሳቸው ናቸው። ምንም እንዳይጨመርበት፣ እንዳይቀነስበትም አደራ ብለዋል። አልተጨመረበትም።

በ1989 ዓ.ም. በጥቁር ውኃ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ ተወሰነ። ድልድዩ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት የሚያሰላው ያ ፕሮግራም፣ ፕሮግራሙን የሚያሠሩት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። በየመንደሩ ዝናብ የሚለኩት ሰዎች የሚጽፉት በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ይዘልቁና ጳጉሜንን ያስከትላሉ። ፕሮግራሙ በውጭ አገር የተሠራ በመሆኑ ለዓመቱ አሥራ ሁለት ወር እንጂ ለአሥራ ሦስተኛ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ጳጉሜን ስትገባበት ይዘጋል። ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ እንደገና ማስገባት ወራት የሚፈጅ ሥራ ነበር። ኃላፊው ሪፖርቱን ይጠብቃሉ፤ ግንበኞቹ ድንጋዩን ወንዙ ዳር አራግፈዋል። ኢንጂነር እስከዳርም አምስት ቀን ምን ይለውጣል ብለው የየዓመቱን ጳጉሜን እያወጡ የቀረውን አስገቡ። ፕሮግራሙ እሺ አለ። ጥቁር ውኃም በወረቀት ላይ የዋህ ወንዝ ሆነ፤ ድልድዩም ለየዋህ ወንዝ እንደሚሠራው ዝቅ ብሎ ተሠራ።

ጳጉሜን ግን መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ የጠገበበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚጥል ዝናብ ወደ ውስጥ የሚያስገባው አያገኝም፤ እንዳለ ወንዝ ይገባል። ሰዉ ደግሞ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር፣ ይልቁንም በሩፋኤል ዕለት፣ በማለዳ ወንዝ ወርዶ ይጠመቃል። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ የመንደሩ ሴቶች ተሻግረው ከወዲህ ማዶ ያለው ጠበል ዘንድ ተጠምቀው ይመለሱ ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ተጠምቀው፣ ነጠላቸው እንደ ራሰ፣ ከጎረቤታቸው ከወ/ሮ አደይ ልጅ ከወጣት ደጊቱ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ድልድዩ ላይ ወጡ። ተራራው ላይ ሲዘንብ ያደረው ውኃ ግንድ ተሸክሞ መጣ። ድልድዩን ከነሰዎቹ አነሣው። ሁለቱም የተገኙት ከወንዙ በታች፣ ሳይላቀቁ ነው።

አገሩ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ አለቀሰ። ኢንጂነር እስከዳርም በእናታቸው ለቅሶ ላይ ተቀምጠው እንደ ሌላው ሲያለቅሱ፣ አልቃሿ በጳጉሜን በሩፋኤል እያለች ሙሾ ታወርድ ጀመር። በዚያች ቅጽበት ልቅሷቸው ቆመ። ለቀስተኛው እንባዋ አለቀ አለ። እሳቸው ግን ያወጧት ወር ምን ይዛ እንደ ተመለሰች ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ለማንም አልተናገሩም፤ ለባለቤታቸውም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን በገባ ቁጥር በር ዘግተው ይውሉ ነበር። ወንዝ አልወረዱም፤ አልተጠመቁም። መምህር ክንፈሚካኤል የእናት ሐዘን ነው ብለው ተዉአቸው። እንዲነበብ ያዘዙት እስከዚህ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ለሥልጠና አዲስ አበባ ተልከው አዲሱን የፕሮግራም አጻጻፍ ተምረው ተመለሱ። እንደ ተመለሱም ያንን አሮጌ ፕሮግራም መሥመር በመሥመር መፍታት ጀመሩ። ሥራው ሰው እየኖረበት ያለን ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት ነበር፤ የትኛው ምሰሶ፣ የትኛው ማገር እንደሆነ የሚነግር የለም። የጻፉት ፈረንጆች ግማሹ ጡረታ፣ ግማሹ መቃብር ገብተዋል። አንድ መሥመር ሲነኩ ሌላው ይፈርሳል፤ እሱን ሲያቆሙ ወንዙ ሽቅብ ወደ ተራራው መፍሰስ ይጀምራል። ማንም ይህን ሥሪ አላላቸውም። መብራት ሲጠፋ አቶ አብዱሰመድ የመኪና ባትሪ ተሸክመው እየመጡ ለዓመታት አብረዋቸው ደከሙ።

አዲሱ ፕሮግራም ሲቆም እንደ ድሮው የሚያኮርፍ አልነበረም። ስሕተት ሲገባበት የት ጋ እንደሆነ አመልክቶ ያርሙኝ ይላል። የተፋሰሱን ካርታ በቀለም ያወጣል፤ ዝናቡ ከሰከላ ተራሮች ተነሥቶ በየሸለቆው ሲወርድ በስክሪኑ ላይ ያሳያል። አቶ አብዱሰመድ መጀመሪያ ሲያዩት ዶፍ ሊጥል ነው ብለው ጃንጥላቸውን ፈለጉ ይባላል። ከሁሉም በላይ የእኛንም የፈረንጁንም ዘመን ያውቃል። በየዓመቱ መጨረሻ ለጳጉሜን ቦታ አለው፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስተኛዋን ቀን ሳይቀር ያስታውሳል።

እንደ ተጠናቀቀ በመጀመሪያ ያስገቡበት የጳጉሜን 1990ን ዝናብ ነው። በአሮጌው ፕሮግራም፣ ጳጉሜን ወጥታ፣ ጥቁር ውኃ ተኝቶ ነበር። በአዲሱ ግን ወንዙ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄዶ ድልድዩን አልፎ ወጣ። አጠገባቸው የነበሩት አቶ አብዱሰመድ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እሳቸውን አዩና ወንበራቸውን አስጠግተው አብረዋቸው ተቀመጡ። ያዩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሱም።

አባታቸው አቶ ደረሰ በ1998 ዓ.ም. አረፉ። ኢንጂነር እስከዳር ሳይነግሯቸው ነው ያረፉት። ይህ እስከ መጨረሻው ሲቆጫቸው ኖሯል።

በ2001 ዓ.ም. የጥቁር ውኃ ድልድይ እንደገና ይሠራ ተባለ። የሚሠራው ግን በዚያው በድሮው ጥናት፣ በዚያው ከፍታ ነበር። ኢንጂነር እስከዳር ይህ አይሆንም፣ ከፍ ይበል ብለው ተከራከሩ። ኃላፊዎቹ የጸደቀ ጥናት አለ አሏቸው። ስሕተት ነው ካልሽ ማን ተሳሳተ፣ የቱ ላይ ተሳሳተ ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ይህን ሳይመልሱ ድልድዩ ከፍ እንደማይል ተረዱ።

ጉዳዩ ማንኩሳ በተጠራ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ቀረበ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ያለ ግለ ሂስ አይከፈትም። ኃላፊዎቹ በየተራ እየተነሱ አርፍዶ የመግባት ችግር እንዳለባቸው፣ ለዕቅድ ክንውን የሰጡት ትኩረት ማነሱን ይናዘዛሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ በማግስቱም አርፍደው ይገባሉ። ተራው የደረሳቸው ኢንጂነር እስከዳር ግን ተነሥተው በእጃቸው ወንበሩን ያዙ። ከፊታቸው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ወ/ሮ አደይ ተቀምጠው ነበር።

«የፈረሰው ድልድይ የተሠራው በእኔ ቁጥር ነው» አሉ። «ማሽኑ አሥራ ሦስት ወር አልቀበልም ሲለኝ ጳጉሜንን ያወጣኋት እኔ ነኝ። ውኃው የመጣው በጳጉሜን ነው። እናቴንና ደጊቱን ቁጣ አልወሰዳቸውም። አሁንም በዚያው ቁጥር ከተሠራ ደግሞ ይመጣል።»

ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው ለማለት ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱትም። ከኋላ የተቀመጡት የመንደሩ ቄስ ወልደ ሥላሴ ናቸው ቀስ ብለው፣ «እና አሁን እስከ የት ይድረስ፣ ልጄ?» ያሉት። ኢንጂነር እስከዳር ወደ ግድግዳው ሄደው፣ በእግር ጣታቸው ቆመው፣ እጃቸውን እስከሚችሉት ሰቀሉ። ወለሉ የድሮው ድልድይ ቢሆን ከዚህም በላይ አሉ። ሕዝቡም እዚያች ላይ ምልክት ይደረግ ብሎ በአንድ ድምፅ ጠየቀ። ወ/ሮ አደይ ግን ቀና ብለው ሳያዩዋቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከቡድን መሪነታቸው ተነሡ። ጠረጴዛቸው ከመስኮቱ አጠገብ ወደ መጋዘኑ ሲወሰድ ራሳቸው አንድ ጫፍ ይዘው አግዘዋል። ያን ዓመት የከበዳቸው እሱ አልነበረም፤ የወ/ሮ አደይ ዝምታ ነበር። በየገበያው ፊት ለፊት ሲገናኙ ወ/ሮ አደይ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ ኢንጂነር እስከዳርም አይከተሏቸውም።

በዚያው ዓመት በሩፋኤል ማለዳ የቤታቸው በር ተንኳኳ። እንደ ልማዳቸው ዘግተው ተቀምጠዋል። መምህር ክንፈሚካኤል ቢከፍቱ ወ/ሮ አደይ፣ ከመንደራቸው ፍኖተ ሰላም ድረስ ሌሊቱን በእግራቸው መጥተው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ቆመዋል። አልገቡም። ከደጅ ሆነው፣ «ተነሽ፣ ሩፋኤል ነው። ብቻሽን አትወርጅም፤ እኔም ብቻዬን አልወርድም» አሏቸው። ኢንጂነር እስከዳር ጫማቸውን ሳያደርጉ ተከትለዋቸው ወጡ። ወንዙ ዳር ምን እንደ ተባባሉ የሰማ የለም። ስለዚያ ማለዳ ብዙ ማሳመር ይቻል ነበር፤ አላሳመርነውም። የታወቀው ሁለቱም ነጠላቸው ረጥቦ መመለሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሩፋኤል አልቀረባቸውም።

አዲሱ ድልድይ ከግድግዳው ምልክት በላይ ከፍ ብሎ በ2003 ዓ.ም. ተሠራ። ሽቅብ ማየት አንገት ያሳምማል፣ ዝንጀሮ ሊያሻግሩበት ነው ወይ እያለ የቀለደ አልጠፋም። በጳጉሜን 2006 ዓ.ም. ግን ተራራው ላይ ዶፍ ሲጥል አዲሱ ፕሮግራም ጥቁር ውኃ ከረፋድ በፊት እንደሚሞላ ተናገረ፤ ሰዉም ከወንዙ እንዲወጣ ተነገረው። ውኃው መጣ። የእስከዳር ድንጋይ ተሸፈነ፤ የድሮው ድልድይ የነበረበት ቦታም ተሸፈነ። ያን ዕለት ኢንጂነር እስከዳር ድልድዩ መሐል ላይ ቆመው፣ ብረቱን ይዘው፣ ውኃው ከእግራቸው በታች ግንድ እየተሸከመ ሲያልፍ አዩት። ነይ ውረጅ ቢባሉ አልወረዱም። ውኃው እስኪጎድል ቆሙ። ሲቀልዱ የነበሩትም በላያቸው ላይ ጎርፍ ሳይደርስ ከብቶቻቸውን አሻገሩ፤ ዝንጀሮ ግን አንድም አልታየም።

ፕሮግራሙን በመራዊ፣ በሊበንና በቡሬ ላሉ ወጣት ባለሙያዎች ያለ ስስት አስተምረዋል። ስም ያውጡለት ሲሏቸው ስም የሚወጣው ለተወለደ ነው፤ ይህ ገና ምጥ ላይ ነው ይሉ ነበር። ሁልጊዜ የሚያስተካክሉት አያጡም። ለሚያስተምሯቸው ሁሉ ግን አስቀድመው የሚነግሩት ስለ ማሽኑ አልነበረም። ማሽን አልቀበልም ያለህን ነገር ከመጣልህ በፊት ያ ነገር የማን ቤት ደጃፍ እንደሚያልፍ እይ ይሏቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ውኃ የሚወርድበትን ሲያሰሉ ኖረው ገላቸው ውኃ መቋጠር ጀመረ። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሊጠይቃቸው የሚሄደውን ሁሉ እየቀለዱ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ፤ ተፋሰሴ ተደፍኖ ነው ይሉ ነበር። ሌላውን ሲያስቅ የኖረ ወንድማቸው ዳኘው ግን እዚያ አልጋ አጠገብ አንድ ወሬ እንኳ ሳያሳምር ይቀመጥ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ተራራው ላይ ዘንቧል ወይ።

ኢንጂነር እስከዳር ደረሰ ጳጉሜን 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ በተወለዱበት መንደር በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በእናታቸው ጎን ይፈጸማል። በዚህ ቤተሰብ ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው እንዳለ አገር ያውቃል፤ ይህን ቀን ግን የመረጠው ሰው የለም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን መምህር ክንፈሚካኤልን፣ ልጆቻቸውን ወ/ት ሳምሪንና አቶ ፍጹምን፣ ወንድማቸውን አቶ ዳኘውን፣ እንደ ወንድም የሆኗቸውን አቶ አብዱሰመድን፣ እንደ እናት የሆኗቸውን ወ/ሮ አደይን ትተዋል። ወ/ሮ አደይ የዘንድሮን ሩፋኤል ብቻዬን አልወርድም ብለዋል። ከቀብር ስንመለስ፣ ውኃው እንደ ጎደለ፣ ከዚህ የተሰበሰብን ሁሉ አብረናቸው ወንዝ እንድንወርድ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ትናንት፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ፕሮግራሙ ጥቁር ውኃ ዛሬ ሞልቶ እንደሚውል ተናግሯል። እንግዲህ ይህ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየተነበበ ከሆነ፣ አስከሬናቸውን ተሸክመን፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ከውኃው በላይ በደኅና ተሻግረናል ማለት ነው።

እሳቸው ዛሬ የሚሻገሩት ወንዝ ጥልቀቱን የለካው የለም። የዚያ ወንዝ ጌታ ድልድዩን ከፍ አድርጎ ይጠብቃቸው፤ ከወዲያ ማዶም እናታቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይቀበሏቸው። አሜን።

ቤተሰባቸው